ጊታር ደርዳሪ በሌላ መምህር ደጅ፤ ስለ «ጃዝ ሳምባ» ሸክላ

«አንድ ጊታር ደርዳሪ በአንዱ የሙዚቃ ዐይነት ከሠለጠነ በኋላ ወደ ሌላው ጆሮውን ቢያዘነብል፥ የያዘውን አያጐድልበትምን?» ብሎ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን ጠየቀን። ጠያቂው ራሱ ጊታር ይመታል፤ መምህሩም ክላሲክ ከሚባለው በቀር ሌላውን ሁሉ የመሸታ ቤት ጫጫታ ነው እያለ ከልክሎታል። ነገሩ በቃል ክርክር ብቻ የሚያልቅ ስላልመሰለን፥ አንድ የታወቀ ሸክላ አንሥተን በዚያ ላይ ልንመልስለት ወደድን። ሸክላው «ጃዝ ሳምባ» ይባላል። ስሙን ሰምቶ የሕመም ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ ሳምባ የብራዚል ሕዝብ የሚጨፍርበት ዜማ ስም መሆኑን አስቀድመን እናስታውቀዋለን። ዓመታቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን።

ይህ ሸክላ የተቀዳው በ1962 በፌብሩዋሪ ወር በ13ኛው ቀን፥ በዋሽንግቶን ከተማ፥ ኦል ሶልስ የተባለው የዩኒቴሪያኖች ቤተ ክርስቲያን ባለው አዳራሽ ውስጥ ነው። ካህናት አንባቢዎቻችን ጃዝ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መመታቱን ሰምተው ቅር ቢላቸው አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ቦታው የተመረጠው ድምፅን አጥርቶ ስለሚያሰማ እንጂ ስለ ጸሎት አይደለምና፥ በስድብም ሆነ በምስጋና ከዚህ ብዙ ምሥጢር ማውጣት አይገባም። ሳክስፎን የነፋው ስታን ጌትዝ ነው፤ ጊታሩን የያዘው ቻርሊ ቢርድ ነው፤ ከነርሱም ጋር ባስና ከበሮ የሚመቱ ባልንጀሮች ነበሩ። በሸክላው ላይ ያሉት ዜማዎች ሰባት ናቸው።

ስለ ቢርድ አስተዳደግ ባጭሩ እንናገር። በ1925 በቨርጂንያ አገር ተወለደ፤ ጊታርን ያስጀመረው አባቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ወደ አውሮፓ ሄዶ ሳለ፥ በፓሪስ ዣንጎ ሬናርት ከሚባለው ዕውቅ የጃዝ ጊታረኛ ጋር ተገናኘ። ከዚህ በኋላ ለጃዝ ብቻ ቢያድር ማንም ባልነቀፈው ነበር። እርሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በዋሽንግቶን ሶፎክሊስ ፓፓስ ከሚባለው መምህር ዘንድ የክላሲክን ጊታር ተማረ፤ በ1954ም ወደ ኢጣልያ ወደ ሲየና ከተማ ተሻግሮ በአንድሬስ ሴጎቪያ ፊት ተቀመጠ። ኋላ በዋሽንግቶን ሾውቦት በሚባል የምሽት ቤት ሲሠራ፥ በአንዱ ምሽት ብቻውን ሆኖ ክላሲክ ያሰማል፤ ከዚያም ከባልንጀሮቹ ጋር ጃዝ ይመታል። መጠጥ በያዘ ሰው መካከል የጥንቱን ድርሰት ጸጥ ብሎ መደርደር፥ ከአድማጩ ይልቅ ደርዳሪውን የሚፈትን ሥራ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ ሴጎቪያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የወዳጃችን መምህር የርሱን መንገድ እከተላለሁ ባይ ነውና። ሴጎቪያ በ1893 በስፓንያ በሊናሬስ ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ጊታርን የመሸታ ቤት ዕቃ አድርጎ ይመለከተው ነበር፤ እኛም ዘንድ በገናን የዳዊት፥ ክራርን የአዝማሪ እያልን አንዱን በክብር ስናስቀምጥ ሌላውን በር ላይ እንደምናቆመው ማለት ነው፥ ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ሲሆኑ። ሴጎቪያ ጊታርን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር በአንድ አዳራሽ ለማስቀመጥ ዕድሜውን ሙሉ ደከመ። በ1935 ባክ ለአንድ ቫዮሊን የጻፈውን ቻኮን የሚባለውን ታላቅ ድርሰት በፓሪስ በስድስት አውታር አሰማ። በጦርነቱ ምክንያት ከአንጀት የሚሠራው ጅማት ባነሰ ጊዜም፥ በኒው ዮርክ አልበርት አውጉስቲን የሚባለው ሠሪ የናይሎን አውታር ሲያወጣ ያበረታታው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዳሩ ግን ይኸው ሰው ኤሌክትሪክ ጊታርን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር፤ ለመድረክ ትርኢት የተሰናዳውንም ፍላሜንኮ አይወድም ነበር። በዚህ ፈጥነን ልንፈርድበት አንደፍርም። አዲስ የተተከለ ችግኝ አጥር ይሻል፤ እርሱም አጥሩን ባያጥር ኖሮ ጊታር በታላላቆቹ አዳራሾች ስፍራ ማግኘቱን እንጠራጠራለን። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ የበቀለውን እንመልከት። ቱሪና የሚባለው ደራሲ ለሴጎቪያ የሰጠው «ፋንዳንጊዮ» የተባለው ድርሰት ትንፋሹ ከአንዳሉስያ ጭፈራ የመጣ ነው። በ1929 ዐሥራ ሁለቱን የጊታር መልመጃዎች ለሴጎቪያ የደረሰለት ኤይቶር ቪላ ሎቦስም፥ በወጣትነቱ በሪዮ ዴ ዣኔሮ ከሾሮ መቺዎች ጋር በየሰፈሩ ሲመታ የኖረ ነው፤ በ1920 የጻፈውንም የጊታር ድርሰት በነርሱ ስም «ሾሮስ» ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ እሳቱን ከመንደር የጫሩት ሌሎች ናቸው፤ ሴጎቪያ በተለኰሰው ሻማ አነበበ። የወዳጃችን መምህር የመንደሩን እሳት ሲከለክል ሻማው ከየት እንደ በራ የረሳው ይመስለናል።

ወደ ሸክላው እንመለስ። በ1961 ቢርድ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ልኮት ሦስት ወር ያህል በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ሙዚቃ ሲያሰማ ሰነበተ። በብራዚል ያን ጊዜ ቦሳ ኖቫ የሚባል አዲስ የሳምባ አመታት ተነሥቶ ነበር፤ የዚህም ዋና ምልክት የባሕያው ተወላጅ የዧኦ ዢልቤርቶ ቀኝ እጅ ነው። የዢልቤርቶ አውራ ጣት በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ እንደ ታላቅ ከበሮ እኩል እኩል ይረግጣል፤ የቀሩት ጣቶች ግን በቀጫጭኖቹ ላይ ኮርዱን ባንድነት እየነቀሉ የትንሿን ከበሮ ምት ያሰማሉ፥ አንዳንዴ ቀደም ብለው፥ አንዳንዴ ዘግይተው። በዚህ ሁሉ ላይ ዘፈኑን ለጎረቤት እንኳ እንዳይሰማ አድርጎ በለሆሳስ ይዘፍናል፤ ድምፁም ከጊታሩ ምት ጋር አይገጥምም፥ አይለይምም። አንድ ሰው ሁለት ከበሮና አንድ ዘፋኝ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን በመምቻ የሚመታ የጃዝ ጊታረኛ ሊይዘው አይችልም፤ መምቻ አንድ ናትና አውራ ጣትን ከጣቶች ልትለይ አይቻላትም። ቢርድ ግን ከፓፓስና ከሴጎቪያ ዘንድ የተማረው ዋናው ነገር አውራ ጣቱን ከጣቶቹ ለይቶ ማዘዝ ነበር፤ አውታሩም ያው ናይሎኑ ነበር። ስለዚህ የክላሲክ ትምህርቱ ወደ ሳምባ መግቢያ በር ሆነለት። መምህሩ ራሱ ሊገባበት በማይወደው በር ተማሪው መምህሩ በሰጠው ቁልፍ ገባ።

ቁልፍ መያዝ ግን ብቻውን አልበቃም። ጌትዝ ሳምባን ለመቅዳት ቀድሞ በኒው ዮርክ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ምቱ አልሰምር ስላለ ሥራው ተትቷል። ሥራው የተቃናው በዋሽንግቶን፥ ከቢርድ ጋር ብራዚል ደርሰው ከመጡት ከባስ መቺው ከኪተር ቤትስና ከከበሮ መቺው ከበዲ ዴፐንሽሚት ጋር ነው። ዴፐንሽሚት በባሕያ ሳለ ከአገሬው መቺዎች ጋር አብሮ እየመታ ምቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ነበር።

ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከኛ ይልቅ ያውቁታል። የቤተ ልሔሙን ዜማ ያደላደለ ተማሪ ወደ አጫብር ቢሄድ፥ ወይም የተክሌን አቋቋም ልማር ቢል፥ ከሃዲ ብሎ የሚሰድበው የለም። ነገር ግን በአዲሱ መምህር ደጅ ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጦ እንደ ገና ሊቀጽል ግድ ነው። ሁለቱን ሳያደላድል በማኅሌት መካከል ቢያደባልቅ ጉባኤው ይስቅበታል። ወዳጃችንም የጠየቀው ጆሮን ስለ መክፈት ብቻ ነበር፤ እኛ ግን በደጅ ስለ መቀመጥ ጭምር እንዲያስብበት እንወዳለን።

ታዲያ የቢርድ ቅጽል ምን ያህል ደረሰ? ይህን ለመመዘን ጥሩ ሚዛን አለን፤ «ዴሳፊናዶ» እና «ኤ ሉሹ ሶ» የሚባሉት ሁለት ዜማዎች በዚህ ሸክላ ላይ እንዳሉ ሁሉ፥ ዢልቤርቶ በ1959 ባወጣው ሸክላ ላይም ይገኛሉ። «ዴሳፊናዶ» ማለት ከዜማ የወጣ ማለት ሲሆን፥ ዜማው በእውነት ጆሮ በማይጠብቀው ስፍራ እየወደቀ ይሄዳል። ጌትዝ ሳክስፎኑን ከመንፋት ይልቅ የሚተነፍስበት ይመስላል፤ ቃል የሌለው ሲሆን የዢልቤርቶን ለሆሳስ ያስታውሳል። እርሱ የብራዚልን መሬት ሳይረግጥ ይህን ማግኘቱ ያስደንቃል። ቢርድ በኮርድ ሲያጅብ አውራ ጣቱ አይስትም፤ ጨዋታው ለርሱ ሲሰጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ሳምባውን ትቶ በአንድ አውታር እየሮጠ ወደ ጃዝ ልማዱ ይመለሳል። በ«ሳምባ ትሪስቴ» ይህ ጉድለት የለበትም፤ በዚያ ጊታሩ ሙሉ ነው፥ ሐዘኑም የታሰበበት ነው። ራሱ የደረሰው «ሳምባ ዲስ ዴይስ» ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ቀጭን ሆኖ አግኝተነዋል፤ የሳምባን ፊት ሣለ እንጂ አንጀቱን አልደረሰበትም።

ከሁሉ የሚከብደን ከበሮው ነው። ዢልቤርቶ ከበሮውን ወደ ጊታሩ ውስጥ አስገብቶ ዝም ያሰኘውን፥ የዋሽንግቶኖቹ መልሰው ወደ ውጭ አወጡት። «ኤ ሉሹ ሶ» በዢልቤርቶ እጅ በጓዳ የሚነገር ምሥጢር ሲመስል፥ በዚህ ሸክላ ላይ በአደባባይ ሆነ። ደስ አይልም አንልም፤ እጅግ ደስ ይላል። ነገር ግን የተማሪ ድምፅ ከመምህሩ ድምፅ ከፍ ሲል የምናውቀው ምልክት ነው፤ ትምህርቱ ገና አላለቀም። ሦስት ወር አጭር ጊዜ ነው።

ሸክላው ግን ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በ1963 በአሜሪካ ከተሸጡት ሁሉ የመጀመሪያውን ስፍራ እስከ መያዝ ደረሰ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናይ ጆሮ መክፈትና ኪስ መክፈት ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ እንገነዘባለን። ቦሳ ኖቫን ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ ስሟን በሸክላው ላይ ጻፈ፤ ኤልቪስ ፕሬስሊ እንኳ በዚያው ዓመት በስሟ አንድ ዘፈን አወጣ፥ ምቱ ግን ከሳምባ ደጅ ያልደረሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ልበ ሰፊ ብንለው ቃሉን ማባከን ይሆናል። «ዴሳፊናዶ»ን ከአንቶኒዮ ካርሎስ ዦቢም ጋር የደረሰው ኒውቶን ሜንዶንሳ በ1960 ገና በወጣትነቱ ሞቶ ነበርና፥ ዜማው ዓለምን ሲዞር አላየም። የግራሚ ሽልማቱም በ1963 ለጌትዝ ተሰጠ። መንገዱን የጠረገው ቢርድ ድርሻዬ ጐደለ ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1967 ተፈረደለት። ቢርድ ለጐደለበት ዳኛ አገኘ፤ ዴፐንሽሚትን በባሕያ ያስተማሩት መቺዎች ግን በሸክላው ልባስ ላይ ስማቸው እንኳ የለም፤ ይህ በሸክላው ላይ ከምንነቅፈው ሁሉ ይልቅ ያሳዝነናል።

የወዳጃችን መምህር እዚህ ላይ «አላልኋችሁምን? ከመንደር ወጥቶ ወደ ገበያ!» ሊል ይችላል። እኛ ግን ቢርድ ያጐደለውን አላገኘንም። ከዚህ ሸክላ በኋላም ክላሲኩን አልተወም፤ በ1999 እስኪሞት ድረስ ሦስቱንም ይዞ ኖረ። ጣቶቹም ከሦስቱ መምህራን ማንን አሳፈሩ የሚል ቢኖር ያስረዳን።

ወዳጃችን ግን ከኛ ይልቅ የገዛ ጆሮውን ይመን ብለን የዢልቤርቶንና የቢርድን ሸክላ ሁለቱንም አዋስነው፤ «ኤ ሉሹ ሶ»ን በተራ በተራ እያሰማ፥ ዘፈኑን ትቶ አውራ ጣትን ብቻ እንዲከተል ነገርነው። የቢርድን ባለፈው ሳምንት መልሶልናል። የዢልቤርቶን ገና ነው፤ በጠየቅነው ቁጥር «አንድ ሌሊት ጨምሩልኝ» ይላል።