በጀግና ስም ድልድይ ስለ መሰየም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚያነሣው፣ የሚተርከው፣ ለልጁም የሚያወርሰው ሰው ሲገኝ ነው እንጂ እንዲያው ብቻውን አይደለም። ተራኪ ያጣ ስም በድንጋይ ላይ ቢጻፍም ከድንጋዩ የተለየ ነገር አይናገርም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አዲስ ድልድይ ወይም አደባባይ በተሠራ ቍጥር በጦር ሜዳ ኒሻን ባገኘ ጀግና ስም ይጠራ የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም አልቃወመውም። የምነቅፈው ግን ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ጥብጣብ ቆርጦና አጨብጭቦ መበተንን እንደ ውለታ ክፍያ መቍጠርን ነው።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በአዲስ አበባ ከታወቁት ድልድዮች ሁለቱ የሚጠሩት በጦር መሪዎች ስም ነው፤ አንዱ በራስ መኮንን፣ ሁለተኛው በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል በኅዳር 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ፣ ቀጥሎም በመቀሌ፣ በየካቲት 23 ቀን ደግሞ በአድዋ የተዋጉ፣ ሐረርን ያስተዳደሩ፣ ወደ ኢጣሊያም በመልእክተኛነት የተላኩ ሰው ነበሩ። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ዐረፉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ በአድዋ ከወደቁ በኋላ በእግራቸው የተተኩ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር የሆኑ፣ በፍርድ ዐዋቂነታቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። ምርኮኛ ሆኖ መጥቶ የአገር ጦር አዛዥ እስከ መሆን መድረስ ለወጣት ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ በድልድዩ ላይ የሚመላለሰው ሰው ምን ያህሉን ያውቃል? በማስተምርበት ዘመን «ራስ መኮንን ማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቅ «ድልድይ ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። በልጁ መፍረድ አይገባም፤ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል? እርሱ የሰማው የታክሲው ረዳት «ሀብተ ጊዮርጊስ! ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮኽ ነው። በፈረሱ ስም ሲጠራ ጠላት ይደነግጥ የነበረ ሰው ዛሬ የታክሲ መውረጃ ሆኖ ቀረ።

የፈረስ ስም ካነሣሁ፣ የቀድሞ ሰዎች ለጀግና ስም እንዴት ይሰጡ እንደ ነበር እናስታውስ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ይህ ስም በአዝማሪ አፍ፣ በፉከራና በቀረርቶ፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር እየተነሣ የኖረ እንጂ በሰሌዳ የተሰቀለ አልነበረም። ስሙ ሲጠራ ሥራው አብሮ ይነገር ነበር። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የላከችው ሻለቃ ጦር «ቃኘው» የተባለውም በዚሁ በራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። እነሆ፣ የአድዋው ስም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ትውልድ አዘመተ። ስም ሕያው ነው ማለት እንዲህ ነው።

ነገር ግን የእነዚያው የቃኘው ዘማቾች ዕጣ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በኮሪያ ከ120 በላይ ሰዎች ወደቁባቸው፤ የተረፉት ኒሻናቸውን በደረታቸው አድርገው ተመለሱ። በ1960 ዓ.ም. በኮሪያ በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆመላቸው። በገዛ አገራቸው ግን ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ነበረ ዘመቻቸው እንደ ነውር ተሸፈነ፤ ብዙዎቹም በችግር አረጁ። በአፍንጮ በር መታሰቢያ የቆመላቸው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስማቸውን የጠበቀላቸው ማን ነው ቢባል፣ የሰፈሩበትን ቦታ «ኮሪያ ሰፈር» እያለ የጠራው ተራው ሕዝብ ነው። ከዚህ የምንማረው መንግሥት የሰጠውን ስም መንግሥት ሊያነሣው እንደሚችል፣ ሕዝብ በልቡ የያዘውን ግን ማንም እንደማይነጥቀው ነው። ሁለተኛም፣ ኒሻን እንጀራ አይሆንም። ሽማግሌው ወታደር የመድኃኒት መግዣ አጥቶ ሳለ በስሙ ድልድይ መመረቅ ሞቱን ቀድሞ እንደ ማልቀስ ይቈጠራል።

የደጃዝማች በላይ ዘለቀም ነገር እንዲሁ ያሳዝናል። አምስቱን የመከራ ዓመታት በጎጃም ጠላትን የተዋጋ አርበኛ በጥር 1937 ዓ.ም. በወገኖቹ ፍርድ በስቅላት ሞተ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ። ጎዳናው መኖሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳው ድሉን ብቻ ተናግሮ ገመዱን ከሸሸገ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነትም ልጆቻችንን ግማሽ ሰው ያደርጋቸዋል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «ድልድይ ማዶ ለማዶ ያለውን ሰው የሚያገናኝ ስለ ሆነ በጦር ሰው ስም ሊጠራ አይገባም» ይላሉ። ይህ ነገር በችኮላ የሚጣል አይደለም። ወራሪን የመለሰ ሰው የሁሉም ወገን ስለ ሆነ ስሙ ሁሉንም ያገናኛል። ነገር ግን የወንድማማቾች ጦርነትም አለ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአድዋ ብቻ አልተዋጉም፤ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌም ነበሩ፤ በዚያ ሜዳ ግን በሁለቱም ወገን የወደቀው የአንድ አገር ልጅ ነው። በዘመናችንም ወንድም ወንድሙን ሲወጋ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጦርነት የተገኘ ኒሻን በድልድይ ላይ ቢሰቀል ከማዶ ያለችው እናት ስሙን ባነበበች ቍጥር ልጇን ታስታውሳለች። ድንጋዩ ወንዙን ቢያሻግራትም ስሙ ይመልሳታል።

ሌላም ጉድለት አለ። ስም የምንሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለመሪው ነው። ድልድይ ግን የብዙ ድንጋይ ሥራ ነው፤ ከላይ የሚታየው ድንጋይ የቆመው ከታች በጭቃው ውስጥ ባለው ላይ ነው። ስንቅ የተሸከመው፣ በቅሎ የነዳው፣ ቍስለኛ ያነሣው ማን ይባላል? ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በ1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ጠላትን ተዋግተዋል። የእንደዚህ ያሉ ሴቶች ስም በስንት ድልድይ ላይ ይነበባል?

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መተው ስለማይገባ የሚበጀውን ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሲሠራ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። የአካባቢውን ታሪክ ለልጅ ይነግሩ የነበሩ ጎረቤቶች ሲበተኑ የሚቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛ፣ በስሙ አጠገብ ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ሠራና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ በአጭሩ ይጻፍ፤ የሚያሳዝነውም አይዘለል። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በዓመት አንድ ቀን ወስዶ በዚያው ቆመው ታሪኩን ይማሩ። ሦስተኛ፣ ከሞተው በፊት በሕይወት ያለው ዘማች ይጠየቅ፤ ጡረታው፣ ሕክምናውና መጠለያው ይታይ። አራተኛ፣ በጀግና ስም የተጠራ ድልድይ ይጠበቅ። መደገፊያው ተሰብሮ፣ ከሥሩም የሚፈሰው ውሃ ቆሽሾ ሳለ ከላይ የከበረ ስም መጻፍ ሰውየውን እንደ ማላገጥ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ነፍሳቸውን የሰጡት ለእኛ መሻገሪያ ይሆኑ ዘንድ ነው። እኛም በስማቸው ላይ ስንሻገር ቢያንስ በማን ላይ እንደ ተሻገርን እንወቅ፤ ልጃችንንም እጁን ይዘን ስናሻግር እንንገረው። ይህን ያላደረገ ከተማ ድልድዩን ሁሉ በጀግና ስም ቢሞላ ሰሌዳ አበዛ እንጂ ጀግና አላከበረም።