«ቅጽበታዊ ጎርፍ» ወይስ «ደራሽ ጎርፍ»?

ስለ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ በሚዘጋጁ ጽሑፎችና ትርጉሞች ውስጥ «ቅጽበታዊ ጎርፍ» የሚለው ስያሜ እየተዘወተረ መጥቷል። ስያሜው ፍጥነትን ብቻ የሚያመለክት በመሆኑ ጉድለት አለበት፤ በቅጽበት ለሚሆን ነገር ማስጠንቀቂያ ሊቀድም አይችልምና።

ሕዝቡ ግን «ደራሽ» የሚል ቃል አለው። ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ወንዞች በክረምት የሚሻገር የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው፣ በቆመበት ስፍራ ሰማዩ ስለ ጠራ ብቻ አይዘናጋም፤ በደጋው የዘነበው ውሃ ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ሙላትም ከደጋው ወርዶ በሌሊት የደረሰ ነበር።

የመሣሪያው አሠራር የተመሠረተው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። በወንዙ ላይኛ ክፍል የተተከለው ዳሳሽ የውሃውን ከፍታ ለክቶ ይልካል፤ ሶፍትዌሩም ጎርፉ ከታች የሚደርስበትን ሰዓት ያሰላል። የሚሰላው መድረሱ ነው እንጂ ቅጽበቱ አይደለም።

እርግጥ «ደራሽ» ለእርዳታ የሚመጣንም ሰው ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ «ደራሽ ጎርፍ» ሲባል አሻሚነቱ ይወገዳል። የመልእክቱ ተቀባይ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ነውና፣ ተርጓሚዎች ይህን ስያሜ ቢመርጡ ይበጃል።