የመጨረሻው መሆኑን ያላወቀ አልበም፦ ሂዩ ማሴኬላና «ሪጆይስ»

ሙዚቀኛ ከሞተ በኋላ የሚወጣ አልበም ሁሌም ያጠራጥረኛል። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ሟች «ይሄኛውን አታውጡት» ማለት አይችልም። በሕይወት ቢኖር የሚጥለው፣ የሚደግመው፣ ወይም ለማንም የማያሰማው ቅጂ ከመደርደሪያ ይወርድና ሽፋን ተሠርቶለት ገበያ ይወጣል። እኛም አድማጮች ሐዘን ላይ ስለሆንን ጆሯችን ይለሰልሳል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» የሚል ሰው የለማ! እንዲህ ባለ አልበም ላይ እውነተኛ ሂስ እምብዛም የማይጻፈው ለዚህ ይመስለኛል።

የደቡብ አፍሪካዊውን የትራምፔት ተጫዋች የሂዩ ማሴኬላን «ሪጆይስ» በዚሁ ጥርጣሬ ነው መስማት የጀመርኩት። ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ የምለው ግን ይሄ ነው፦ አልበሙን ጥሩ ያደረገው የስንብት ሥራ አለመሆኑ ነው። ማንም ሊሰናበት ብሎ አልሠራውም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ላስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ማሴኬላና ናይጄሪያዊው ከበሮ መቺ ቶኒ አለን ለየራሳቸው ኮንሰርት እንግሊዝ አገር በአንድ ወቅት ተገጣጠሙ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፌላ ኩቲ በኩል ይተዋወቃሉ። «አንድ ቀን አብረን አልበም እንሠራለን» ሲባባሉ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ፕሮዲውሰሩ ኒክ ጎልድ፣ «ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ»ን ያሳተመው የ«ወርልድ ሰርኪት» ሰው፣ አጋጣሚውን ሳያሳልፍ ሁለቱንም ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ አስገባቸው። ቀረጹ፤ ግን አልጨረሱትም። ቴፑ ዓመታት ተቀመጠ።

ማሴኬላ ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 በፕሮስቴት ካንሰር በ78 ዓመቱ አረፈ። በ2019 አጋማሽ ቶኒ አለንና ጎልድ ውርሱን ከሚያስተዳድሩት ወገኖች ፈቃድ አግኝተው ወደዚያው ስቱዲዮ ተመለሱና የጎደለውን ሞሉ። አልበሙ ማርች 20 ቀን 2020 ወጣ። ዓለም በኮሮና ምክንያት በሩን እየዘጋ የነበረበት ሳምንት ነው። በወጣ በ41ኛው ቀን ደግሞ ቶኒ አለን ራሱ ፓሪስ ውስጥ በ79 ዓመቱ አረፈ። ስሙ «ደስ ይበላችሁ» የሆነ አልበም በስድስት ሳምንት ውስጥ የሁለት ሟቾች ሥራ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አገር ጥሩምባ በሌሊት ከተነፋ ትርጉሙ አንድ ነው፤ እድርተኛ ሞቷል። ማሴኬላ ያደገበት ዓለም ውስጥ ግን ጥሩምባ ከሞት ማምለጫ ነበር። በ1939 የተወለደው ዊትባንክ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ነው። አያቱ ለማዕድን ሠራተኞች መጠጥ የምትሸጥበት፣ ከእኛ ጠላ ቤት ብዙ የማይርቅ ቤት ነበራት። ልጁ ከርክ ዳግላስ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ሆኖ የሚተውንበትን የ1950 ፊልም አይቶ ልቡ ተነሳ። የሚማርበት ትምህርት ቤት ቄስ ትሬቨር ሃድልስተን የመጀመሪያውን ትራምፔት አገኙለት። ቄሱ በኋላ አሜሪካ ሄደው ሉዊስ አርምስትሮንግን ሲያገኙት ስለ ልጆቹ ባንድ ነገሩት፤ አርምስትሮንግም የራሱን ትራምፔት ላከላቸው። ማሴኬላ ያንን ትራምፔት ይዞ በደስታ አየር ላይ ሲዘል አልፍ ኩማሎ ያነሳው ፎቶ አለ። ፈልጋችሁ እዩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከአብዱላህ ኢብራሂም፣ ከኪፒ ሙኬትሲና ከጆናስ ጓንግዋ ጋር «ጃዝ ኤፒስልስ» የተባለ ባንድ አቋቁመው፣ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የሠሩትን የመጀመሪያውን የጃዝ ሎንግ ፕሌይ አሳተሙ። ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው ገደለ። ማሴኬላ በዚያው ዓመት አገሩን ለቆ ወጣ፤ የተመለሰው በ1990 ነው። ሠላሳ ዓመት! ሄዶ ኒውዮርክ በማንሃተን ስኩል ኦቭ ሚውዚክ ተማረ። በ1968 «ግሬዚንግ ኢን ዘ ግራስ» የአሜሪካ ቁጥር አንድ ዘፈን ሆነ። የራሳችን ሙላቱ አስታጥቄም በ1960ዎቹ እዚያው ኒውዮርክ ነበር፤ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን የቀረጸው በ1966 ነው። የሁለቱም ጥያቄ ይመሳሰላል፦ የአሜሪካንን ጃዝ ከእነ ሙሉ ደንቡ ተምረህ ስታበቃ የአገርህን ድምፅ የት ታስቀምጠዋለህ?

ማሴኬላ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አልሰጠም። በ1967 ሞንተሬይ ፖፕ ፌስቲቫል ላይ ተጫውቷል፣ «ዘ በርድስ» ለተባለው የሮክ ባንድ ትራምፔት ነፍቷል፣ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ ከፌላ ዘንድ ሰንብቷል፣ ቦትስዋና ላይ ከድንበሩ ማዶ አገሩን እያየ ኖሯል። በሄደበት ሁሉ የሚገኘውን ይወስዳል። ለዚህ ነው «የደቡብ አፍሪካ ጃዝ አባት» የሚለው፣ ሲሞት ሁሉም ዜና ላይ የተለጠፈው ማዕረግ የማይዋጥልኝ። አባት ሲባል ቤቱ የተቀመጠ፣ ልጆቹ የከበቡት ሰው ነው የሚታየኝ። ማሴኬላ የዕድሜውን ትልቁን ክፍል በሰው ቤት ያሳለፈ እንግዳ ነው፤ ሙዚቃውም እንግዳ ሆኖ መኖርን የሚያውቅ ሙዚቃ ነው። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ወደ «ሪጆይስ» እንመለስ። ስምንት ዘፈን ነው። ማሴኬላ የሚነፋው ፍሉገልሆርን ነው፤ የትራምፔት ዘመድ ሆኖ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ድምፁም ወፈርና ለስለስ ያለ መሣሪያ። ትራምፔት እንደሚጮህ አይጮህም፤ ይልቁንም ወደ ሰው ድምፅ ይጠጋል። ሰባ ዓመት ለሞላው ነፊ ይሄ ብልህ ምርጫ ነው። ሳንባ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ ከፍ ያለ ኖታ ላይ መንጠልጠል ይከብዳል። ማሴኬላ ግን እጥረቱን ለመደበቅ ሲታገል አትሰሙም። አጭር ሐረግ ይወረውርና ይቆማል። እንደገና ይወረውራል። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ቶኒ አለን ነው።

ቶኒ አለንን ለማታውቁት፦ የፌላ ባንድ የ«አፍሪካ 70» ከበሮ መቺና አፍሮቢት የምንለውን ምት ከፌላ ጋር የፈጠረ ሰው ነው። ብዙ ከበሮ መቺ ጉልበቱን የሚያሳየው በመምታት ነው፤ አለን ባለመምታት ነው። አራቱ እጅና እግሩ አራት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ቀስ ብለው የሚያወሩ ይመስላሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። እዚህ አልበም ላይ ከበሮውን ብቻ እየተከተላችሁ አንዴ ዳር እስከ ዳር ስሙት፤ የተለየ አልበም ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉ የምወደው «ኔቨር»ን ነው። ማሴኬላ ስለ ፌላና ስለ ሌጎስ የሚዘፍንበት ነው፤ ፌላ የሌለባት ሌጎስ ድሮ እንደነበረችው አትሆንም የሚል ሐሳብ ላይ ይመላለሳል። ልብ በሉ፦ ሁለት ሽማግሌዎች በ1997 የሞተ ወዳጃቸውን እያነሱ ነው። ግን የለቅሶ ዜማ አይደለም፤ የሚያስጨፍር ነው። ዛሬ ሦስቱም በሌሉበት ስንሰማው ሌላ ክብደት ይጨመርበታል። ያ ክብደት ግን ከእኛ የመጣ ነው። እነሱ የተቀረጹ ቀን ሳቅ ላይ ነበሩ። «ጃቡላኒ» የሚለው ዘፈን ደግሞ የአልበሙን ስም የሰጠው ነው፤ ሙሉ ርዕሱ «ደስ ይበላችሁ፣ ቶኒ መጣ» እንደ ማለት ነው። ወዳጅህን እንዲህ በስሙ ጠርተህ መቀበል ምን ያህል ደስ ይላል!

ሁሉም ዘፈን ግን እኩል አይደለም። ለቅሶ ቤት አይደለንምና እንነጋገር። «ኦባማ ሸፍል ስትረት ብሉዝ» በ2010 ትኩስ ነበር፤ ኦባማ ከተመረጠ ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ2020 ሲወጣ ግን ከኪስ ውስጥ የተገኘ አሮጌ ትኬት ይመስላል። ማሴኬላ በሕይወት ቢኖር ርዕሱን የሚቀይረው ይመስለኛል። አንዳንዱ ዘፈን ደግሞ ሐሳብ እንጂ ድርሰት አይደለም፤ ምቱ ይጀምራል፣ ፍሉገልሆርኑ አንድ ሐረግ ይደጋግማል፣ ከዚያ የሚሄድበት ያጣል። ግጥሙም ስስ ነው። «ስቲሜላ»ን የሠራ ሰው መሆኑን ስታስቡ ይሄ ይታወቃችኋል። «ስቲሜላ» ከደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ሁሉ ወጣቶችን ጭኖ ወደ ጆሃንስበርግ ማዕድን የሚወስደውን የከሰል ባቡር የሚተርክ ነው። ማሴኬላ ባቡሩን በአፉ እያስጮኸ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ቁጣ አስገብቶበታል። ያ ቁጣ «ሪጆይስ» ላይ የለም። የማሴኬላን ሙሉ ማንነት ፈልጎ ይሄን አልበም ብቻ የሚሰማ ሰው ጎዶሎ ሰው ነው የሚያገኘው።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ፦ የሟችን ሥራ ማን፣ እንዴት ይጨርሰው? ሁለት ምሳሌ አነጻጽሩ። ማይልስ ዴቪስ በሴፕቴምበር 1991 ሲሞት ከሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሩ ኢዚ ሞ ቢ ጋር የጀመረው «ዱ ባፕ» አላለቀም ነበር። አልበሙን ለመሙላት ከዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ የተቀረጸ የማይልስ ትራምፔት ተወስዶ አዲስ ምት ከሥሩ ተሠራለት። ማይልስ ያንን ምት ሰምቶት አያውቅም። ሰምቶት ለማያውቀው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ እንሰማዋለን፤ ጆሮም ይሄን ይለየዋል። «ሪጆይስ» ላይ ግን ዋናው ንግግር፣ የነሐሱና የከበሮው፣ በሁለት ሕያዋን መካከል የተደረገ ነው። በኋላ የተጨመሩት ቤዝና ኪቦርድ የመሳሰሉት በዙሪያው ተቀምጠው የሚያዳምጡ ናቸው። ውሳኔውን የሰጠው ደግሞ ያኔ በዚያ ክፍል ውስጥ አብሮት የነበረው ሰው ነው። ለእኔ መስፈርቱ ይሄ ነው፤ ሟቹ ሲያወራ ከነበረው ሰው ጋር ሳናቋርጥ ልንሰማው እንችላለን፣ አዲስ ሰው ፊት አስቀምጠን ግን ልናናግረው አይገባም።

የተጨመሩት ሙዚቀኞች ማንነትም ራሱ ነገር አለው። ከመካከላቸው የ«ኮኮሮኮ»ው ቤዚስት ሙታሌ ቻሺና የ«ኤዝራ ኮሌክቲቭ»ሱ ፒያኒስት ጆ አርሞን ጆንስ አሉ፤ አፍሮቢትንና ጃዝን ያለ ወሰን እየቀላቀለ ያደገው የለንደን ትውልድ ልጆች ናቸው። «ኤዝራ ኮሌክቲቭ» በ2023 የመርኩሪ ሽልማትን በመውሰድ የመጀመሪያው የጃዝ ባንድ ሆኗል። ቅርስ የምንለው ነገር ሐውልትና የመንገድ ስም ብቻ እየመሰለን ተቸግረናል። እዚህ ግን የልጅ ልጅ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ከሽማግሌዎቹ ሥር ገብተው ቤዝ እየመቱ ነው። ቅርስ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ማሴኬላ ማንዴላ ከእስር ቤት በልደቱ ቀን የላከለትን ደብዳቤ አንብቦ «ብሪንግ ሂም ባክ ሆም»ን ጻፈ፤ በ1987 ወጣ። በ1962 ቆልፌ ድረስ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ያ ሰው ገና አልተፈታም ነበር። ዘፈኑ ልመና የለበትም፤ ሲፈታ በከተማው መሀል ሲራመድ ከወዲሁ ያየዋል። «ሪጆይስ» ያንን ያህል ታሪክ አይሸከምም፣ እንዲሸከምም አይጠበቅበትም። ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ ሰውየው ምን ዓይነት ከሰዓት ሊያሳልፍ ፈልጎ እንደነበር ነው የሚያሳየን፦ ከወዳጅ ጋር፣ ያለ ችኮላ።

የሚቆጨኝ ያ ከሰዓት የመጣው ከአርባ ዓመት ገደማ ትውውቅ በኋላ መሆኑ ነው። እኛም አገር «አንድ ቀን አብረን እንሠራለን» የተባባሉ ስንት ሙዚቀኞች አሉ? የኢትዮ ጃዝ አንጋፋ ነፊዎች ሆቴልና ክለብ ውስጥ ለሚበላ ሰው ሲጫወቱ እንሰማቸዋለን፤ ስቱዲዮ ውስጥ በስማቸው የተቀረጸ ነገር ግን ስንፈልግ እጃችን ባዶ ነው። ኢዮብ መኮንን ካረፈ በኋላ «እሮጣለሁ» የወጣልን ድምፁ አስቀድሞ ስለተቀረጸ ነው። ያልተቀረጸን ቤተሰብም ወዳጅም ሊጨርሰው አይችልም። ኒክ ጎልድ በ2010 «ሌላ ጊዜ ይደርሳል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ስለዚህ አልበም የምጽፈው ነገር ባልኖረኝ ነበር።

ገና ላልሰማችሁት ከ«ኔቨር» ጀምሩ፣ ቀጥላችሁ «ጃቡላኒ»ን። ከወደዳችሁት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «ስቲሜላ»ን ስሙና የጎደለውን ሙሉ። ስልካችሁ ውስጥ የምታደንቁት ነፊ ወይም ከበሮ መቺ ቁጥር ካለ ደግሞ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ጠይቁት።