ሰምና ወርቅ በቀለም፤ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ»

በቢቸናና በሞጣ ጉባኤ ቤቶች ያደገ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ ከመምህሩ ፊት አይነሣም። ይኸው ሰው ግን «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ቢያይ፥ «ቀይ ቀለም እንጂ መልክ የለውም» ብሎ ይመለስ ይሆናል። በቤተ መቅደስ ሥዕል የለመደ ዓይን የጌታን ፊት፥ የእመቤታችንንና የዮሐንስን መቆም ይሻልና።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎም መንፈሳውያን መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ኋላ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ፥ በ1963 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ይህን ሥዕል ሲሠራ መልኩን ሰውሮ ደሙን አጎላው። ሰሙ ቀለሙ ነው፤ ወርቁ ሕማሙ።

ነቀፌታ ግን አይቀርለትም። በመልካም ቅኔ ሰሙ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ በዚህ ሥዕል ግን ስሙን ላላነበበ ሰው የወርቁ በር ጠባብ ነው። ስለዚህ ለተመስጦ እንጂ ለስግደት አይሆንም።

ቅኔ ዐዋቂ በመኳንንት ፊት ተግሣጹን በሰም ሸፍኖ ይናገራል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ሥዕል የመፈክር አገልጋይ እንዲሆን ተፈለገ፤ ይኸውም ወርቅ የሌለው ሰም መጠየቅ ነው። ገብረ ክርስቶስ ከአገሩ ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ዐረፈ።

እንግዲህ «ጎልጎታ»ን ስውር ነው ብሎ የሚንቅ የቅኔ ልጅ የገዛ ትምህርቱን እንዳይነቅፍ ይጠንቀቅ።