የዶርዜ ቤት በአኒሜሽን ሲታይ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በጨንቻ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቤታቸውን ከስንጥቅ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ጎንጉነው መሥራታቸው የታወቀ ነው። ይህንኑ ቤት ካድ በሚባለው የኮምፒዩተር ንድፍ ሶፍትዌር ነድፈው በአኒሜሽን ያሳዩ የተማሪዎች ሥራዎችን ተመልክተናል። ልኩ የተጠነቀቁበት፣ ሥዕሉም ያማረ ነው፤ ድካማቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን እንቅስቃሴው ስለ ቤቱ የሚናገረው እውነት መሆኑን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ኪፍሬም ነው። ይኸውም ሠሪው፣ ዕቃው በዚህ ሰዓት እዚህ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ይሁን ብሎ ጥቂት ቅጽበቶችን ብቻ ይወስናል፤ በመካከል ያለውን ሁሉ ማሽኑ አስልቶ ይሞላዋል። ዘዴው ከካርቱን ፊልም ሠሪዎች የመጣ ነው፤ በዚያ ዋናው ሠዓሊ ዋና ዋናዎቹን ሥዕሎች ሲሥል ረዳቶቹ መካከለኛዎቹን ይሥሉ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. በርትኒክና ዌይን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች የረዳቶቹን ሥራ ለኮምፒዩተር ስለ መስጠት ጽፈዋል። ረዳት ግን የማያውቀውን አለቃውን ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተር አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ጉድለት የቤቱ አሠራር በሚታይበት ክፍል ነው። ግድግዳው ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ከላይ ይወርዳል፤ ጣራው ይከተላል፤ ከዚያ ይገጣጠማሉ። ይህ የሞተር ክፍሎችን ለማሳየት የተለመደ ነው። የዶርዜ ቤት ግን ግድግዳውና ጣራው አይለያዩም። ቋሚዎቹ በዙሪያ መሬት ላይ ይተከላሉ፤ አግዳሚዎቹ በመካከላቸው ከታች ወደ ላይ ይጠላለፋሉ፤ ያው አንድ ጉንጉን ጎብጦ ጉልላት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ቤቱ አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ግን ከዘመን ወደ ዘመን ያጥራል። ያየናቸው ሥራዎች ይህን ለማሳየት በሁለት ኪፍሬሞች መካከል መላውን ቤት ያሳንሱታል። እንዲህ ሲሆን ጉልላቱም አብሮ ይጠባል፤ በእውነቱ ግን ጉልላቱ ስፋቱን እንደ ያዘ ዝቅ ይላል፤ የሚያጥረው ደጃፉ ነው። ደግሞም 40 ዓመት በ10 ሴኮንድ ቢታይ፣ በሴኮንድ 24 ሥዕል ሲታሰብ፣ እያንዳንዱ ሥዕል የሁለት ወር ዕድሜ ይወክላል። ሶፍትዌሩ በቀስታ ጀምሮ በቀስታ የሚጨርስ እንቅስቃሴ ሲሰጥ ለዓይን ያምራል፤ ምስጥ በዚህ መልክ ስለ መብላቱ ግን ሠሪው አንዳች ማስረጃ የለውም።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጉንጎናውን በዓይኑ ያላየ ተማሪ ነገ ከዚህ ሥዕል ይማራል፤ የማሽኑንም ግምት የዶርዜ ጥበብ አድርጎ ይቀበላል።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ በፊት ወደ ጨንቻ መውጣት ይገባል። ኪፍሬሙም ጎንጓኙ ቀርከሃ በሚቀጥልበት፣ በሚያጎብጥበትና ደጃፉን በሚለይበት ቅጽበት ላይ ይቀመጥ። ለቤቱ እርጅና ደግሞ ዕድሜያቸው የተለያየ ቤቶችን ለክቶ እያንዳንዱን ልክ አንድ ኪፍሬም ማድረግ፣ ማሳነሱንም ትቶ ከግርጌ መቁረጥ ይቻላል። ልክ ያልተገኘለት ዘመን ቢኖር ሥዕሉ እዚያ ላይ ቆሞ «አልተለካም» የሚል ጽሑፍ ቢታይበት፣ ከሚያምር ግምት የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።