ስለ «ጥቁር» ቃል ትርጕሞች፤ ከነቀምቴ የተነሣ አስተያየት

በተማሪ ደብተር ላይ የቃላት ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሦስት ዓምድ ነው። በአንደኛው ዐማርኛ፥ በሁለተኛው ኦሮምኛ፥ በሦስተኛው እንግሊዝኛ ይሰፍራል። ከቀለም ስሞች ሲደረስ «ጥቁር፥ ጉራቻ፥ ብላክ» ተብሎ በአንድ መስመር ይጻፍና ተማሪው ወደ «ነጭ፥ አዲ፥ ኋይት» ያልፋል። ይህ ለፈተና ይበቃል። ነገር ግን ሦስቱ ቃላት አንድ ነገር ናቸው የሚለውን እምነት ገና በልጅነት ስለሚተክል፥ ኋላ የታሪክም ሆነ የሃይማኖት መጽሐፍ ሲነበብ ስሕተት ያመጣል። ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው ይህንኑ የሦስት ዓምድ ልማድ ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች የወሰድሁበት ምክንያት፥ በዚያ አገር ገበያተኛው በአንዱ ቋንቋ የጀመረውን ነገር በሌላው ስለሚጨርስና ቃላቱ ሲጋጩ በጆሮ ስለሚሰማ ነው።

በመጀመሪያ ከዐማርኛው እንነሣ። «ጥቁር» የከሰል መልክ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ከእህል ገበያ ሲደርስ ይቸገራል። ጥቁር ጤፍ የሚባለው እንደ ከሰል የጠቆረ አይደለም፤ ወደ ቡናማ ያደላ ቀይ ነው፤ ብዙ ሰውም ያንኑ እህል ቀይ ጤፍ ይለዋል። በነጩና በእርሱ መካከል ደግሞ ሰርገኛ አለ። እንግዲህ በጤፍ ነገር «ጥቁር» ማለት «ነጭ ያልሆነ» ማለት ነው፤ ቃሉ የሚለካው በራሱ መልክ ሳይሆን ከጎኑ በቆመው ነው። ስለዚሁ ምክንያት ቡና ቤት ገብቶ «ጥቁር ቡና አምጣልኝ» የሚል የአገር ቤት ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ቡና ሌላ መልክ ስለሌለው «ቡና» ብሎ ዝም ይላል። ቅጽል የሚያስፈልገው ወተት ሲገባበት ነው፤ «ማኪያቶ» የሚለውም የጣልያንኛ ቃል «ጠብታ የነካው» ማለት ነው። እስፓንያውያን ወተት የሌለውን ቡና «ሶሎ»፥ ማለት «ብቻውን» ሲሉት፥ በኮሎምቢያ «ቲንቶ» ይባላል፤ ያው «ቲንቶ» በእስፓንያ የቀይ ወይን ጠጅ ስም ነው። እንግሊዝኛው ግን «ብላክ» ብሎ መልኩን ይጠራል። አንድ ስኒ ቡና ይህን ያህል ካለያየ፥ ከባዱ ነገር ምን ያህል እንደሚያለያይ መገመት ይቻላል።

ከመልክ ወጥቶ ወደ ሰው ጠባይና ኑሮ የገባው «ጥቁር» ደግሞ ሌላ ነው። ፊቱ ጠቆረ የተባለ ሰው መልኩ አልተለወጠም፤ አኩርፏል ወይም አዝኗል። ጥቁር መልበስ፥ ከል መልበስ፥ የሐዘን ምልክት ነው። ጥቁር እንግዳ ግን ከሐዘንም ከክፋትም የራቀ ነው፤ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ፥ ስለዚህም የበለጠ መስተንግዶ የሚገባው ሰው ነው። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ተርጓሚ የእንግዳውን የቆዳ መልክ የተናገረ ይመስለዋል፤ አንባቢውንም ያሳስታል። በዚህ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፥ ጥቁር ገበያ፥ ጥቁር መዝገብ የሚሉትን ስንጨምር፥ እነዚህ ከአውሮፓ ቋንቋ ቃል በቃል ተተርጕመው የገቡ ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ጕዳት የለበትም፤ ሰሌዳው ነጭ በሆነበት ክፍል እንኳ ስሙ እንደ ቀረ አለ። ሁለቱ ግን «ጥቁር» ማለት «ሕገ ወጥ» ነው የሚል ፍች ይዘው መጡ። የጥንቱ «ጥቁር እንግዳ» እና የአዲሱ «ጥቁር ገበያ» በአንድ መዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፥ የትኛው ከቋንቋው ማሕፀን የወጣ፥ የትኛውስ በጉዲፈቻ የመጣ እንደ ሆነ አዘጋጁ ሊያመለክት ይገባው ነበር።

ጉራቻ የሚለውም ቃል ለዐማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ፈረስና በቅሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጉራቻን፥ ዳለቻን፥ መጋላን ይጠራቸዋል። ነገሩ ግን ዐማርኛ ቃሉን ሲዋስ አጥብቦ ነው። በዐማርኛ ጉራቻ የከብት መልክ ነው፤ በተለይ የፈረስና የበቅሎ። ጉራቻ ጨርቅ፥ ጉራቻ ደመና አይባልም። በኦሮምኛ ግን ሰውም፥ ልብስም፥ አፈርም፥ ሰማይም ጉራቻ ይሆናል። መጋላም እንዲሁ ነው፤ ዐማርኛው ለፈረስ ሲተወው ኦሮምኛው የሰውንም መልክ ይገልጽበታል፤ ይህም የዐማርኛው «ጠይም»፥ የእስፓንያውም «ሞሬኖ» ከሚውልበት ስፍራ አጠገብ ነው። እንግዲህ አንድ ዐይነት ፊደል፥ አንድ ዐይነት ድምፅ ያለው ቃል በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ስፋት አለው ማለት ነው። የዝርዝሩ ሁለተኛ ዓምድ ይህን አይናገርም።

ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት፥ ቋንቋዎች የቀለም ስም የሚያወጡት በዘፈቀደ እንዳልሆነ ለማሳየት ሞከሩ። ሁለት ብቻ ያለው ቋንቋ ጥቁርና ነጭን ይይዛል፤ ሦስተኛው ሲጨመር ቀይ ይሆናል፤ አረንጓዴና ቢጫ፥ ከዚያም ሰማያዊ በኋላ ይመጣሉ። ተቺዎች ብዙ ነገር ነቅፈውበታል፤ ኬይም ራሱ በኋላ አሻሽሎታል። ለኛ የሚጠቅመን ከማሻሻያው የመጣው አሳብ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ስም ባለው ቋንቋ «ጥቁር» የሚባለው ቃል ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ሁሉ፥ ሰማያዊውንም ጭምር ይሸፍናል የሚለው ነው። የዐማርኛው «ሰማያዊ» ከሰማይ የተወለደ ቅጽል መሆኑን ያስታውሷል፤ ለራሱ የቆመ ጥንታዊ የቀለም ስም አይደለም። የአባ ገዳዎች ዓርማም ከላይ ጥቁር፥ በመካከል ቀይ፥ ከታች ነጭ ነው። እነዚህ የሁለቱ ሊቃውንት የመጀመሪያ ሦስት ቀለሞች ናቸው። ይህን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም፤ ግን ሲያዩት ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ኦሮሞ በጸሎቱ ፈጣሪን «ዋቃ ጉራቻ» ብሎ ይጠራል። በሦስት ዓምዱ ዝርዝር መሠረት ይህ «ጥቁር አምላክ» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ የጻፉ ብዙዎችም እንዲሁ ብለውታል። «ጥቁር» ማለት ኀጢአት ነው ብሎ የተማረ አንባቢ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም የክፉ መንፈስ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው «ዋቃ» ሰማይም ፈጣሪም መሆኑን ከመርሳት ነው። ነቀምቴ በዓመት ሁለት ሺሕ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። በዚያ አገር የጠቆረ ሰማይ የዝናብ ተስፋ ነው። ሰማዩ በጠራ ጊዜም ዐይን የማይዘልቀው ጥልቅ መልኩ በጉራቻ ስፋት ውስጥ ይገባል። ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት ላምበርት ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙትን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው፥ የሚከበረውና የሚለመነው ይኸው ዋቃ እንጂ የክፉ ኀይል አለመሆኑን ይረዳል። እኔ እንደሚመስለኝ ከተርጓሚ የሚጠበቀው «ዋቃ ጉራቻ» የሚለውን እንዳለ ትቶ በግርጌ ማስረዳት ነው፤ «ጥቁር አምላክ» ብሎ ማለፍ ግን ቃሉን ተርጕሞ ነገሩን መጣል ነው።

ኀጢአት ጥቁር ነው የሚለው አሳብ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልካም፤ ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ኀጢአትን የመሰለው በቀይ ነው፤ የሚነጣውም ከቀይ ነው። በመኃልየ መኃልይ መግቢያ ላይ ደግሞ ጥቁር ነኝ የምትለው ሴት ውብም ናት። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቅጽሎች የሚያያይዘው ፊደል «እና» ም «ግን» ም ሊሆን ይችላል። የግሪኩ ሰባ ሊቃናት «እና» አሉ፤ የላቲኑ ቩልጌት «ግን» አለ። አንዲት መስተጻምር ጥቁረትን ከውበት ጋር ታስማማለች፤ ሌላዋ ታጣላለች። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም በነቀምቴ ሩቅ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ኦነሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1923 ዓ.ም. በዚያው ሠራ። አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረትና ዘፈን ከቃል ሰብስባለች፤ የቃላት መድበልም አዘጋጅታለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ቀለምን በዓምድ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እየመዘኑ መተርጐም ነበረባቸው። የኛ ትምህርት ግን ከእነርሱ ሥራ ይልቅ የዝርዝሩን መንገድ መረጠ።

በወለጋ ታሪክ ውስጥ «ጥቁር» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የከበረበት ጊዜ 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በጣልያን ከተያዘች በኋላ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ሰዎች በነቀምቴ ተገናኝተው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ፤ ክፍሌ ነሲቡና የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳም ከአባላቱ ነበሩ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ከእነዚህም ውስጥ የጦሩ አመራር ለፖለቲካው እንዲታዘዝ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛ እንዳይንገላታ፥ አባልም ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድ የሚያዝዙት ይገኛሉ። በዚያው በሰኔ ወር ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው በቦነያ ያረፉትን የጣልያን አይሮፕላኖች በሌሊት አቃጠሉ፤ የአየር ጄኔራሉን ቪንቼንዞ ማሊዮኮንና አብረውት የመጡትን ገደሉ፤ የተረፈው ቄሱ ቦሬሎ ብቻ ነበር። ኋላ ራስ ዕምሩ መሪያቸው ሆነው እስከ ጎጀብ ወንዝ ተዋጉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። በየካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ክፍሌ ነሲቡን ጨምሮ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ተረሸኑ።

ይህ ስም በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ብላክ ላየንስ» ተብሎ ይገኛል፤ ትርጕሙም ትክክል ነው። ሆኖም እንግሊዝኛ አንባቢ «ብላክ» ን ሲያይ የሰውን ዘር ያስባል፤ ጥቁር ሕዝብ በነጭ ላይ የተነሣበት ስም ይመስለዋል። ዐማርኛ አንባቢ ግን በመጀመሪያ የሚያየው አንበሳውን ነው፤ ጋማው ከራሱ እስከ ደረቱና እስከ ሆዱ የጠቆረውን፥ በአዲስ አበባ አንበሳ ግቢ ሕዝብ ሲያየው የኖረውን ዐይነት። ጥቁረቱ የግርማው ምልክት ነው። የዘሩ ፍች የለበትም ለማለት አልደፍርም፤ እነዚያ ወጣቶች አውሮፓን ያወቁ ነበሩ። ግን ከሁለቱ ፍች አንዱን ብቻ የያዘ ትርጕም ግማሽ ትርጕም ነው።

ከዚህም የሚገርመው፥ በዚያው ዘመን በዚሁ ምድር ሌላ ጥቁር መምጣቱ ነው። የፋሽስቶቹ ሠራዊት «ጥቁር ሸሚዝ» ይባል ነበር፤ በየካቲት 1929 በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ በተፈጸመው እልቂት የዋለው ይኸው ጥቁር ሸሚዝ ነው። ጥቁር አንበሳና ጥቁር ሸሚዝ አንድ ቅጽል ይዘው ተፋለሙ። በአንዱ ቃሉ የተፈጥሮ ግርማ ነው፤ በሌላው ከልብስ ሰፊ የተገኘ ማስፈራሪያ ነው። የቃላት ዝርዝራችን ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ይሰጣል።

በመጨረሻ ስለ ወንዙ ልናገር። ወለጋን በሰሜን የሚያዋስነው ዐባይ በአገሩ ዐባይ ብቻ ነው፤ ከነጩ ለመለየት ሲፈለግ «ጥቁር ዐባይ» ይባላል። እንግሊዞች ግን «ብሉ ናይል» ይሉታል፤ እስፓንያውያንም «ኒሎ አዙል»፤ ሁለቱም «ሰማያዊ ዐባይ» ማለት ነው። ዐረቡ «አዝረቅ» ይለዋል። በመጽሐፍ ዐረብኛ ይህ ሰማያዊ ነው፤ በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ግን «አዝረግ» እጅግ ጠቆር ላለ ሰውም ይነገራል። እንግሊዙ ከመዝገበ ቃላቱ ወሰደ፤ ዐማርኛው ደግሞ ከሱዳኑ ሰው አነጋገር ጋር ተስማማ። የእስፓንያው «አዙል» ራሱ በዐረቦች በኩል ያለፈ ቃል ነው፤ ሆኖም ከ«አዝረቅ» አልተወለደም፤ ላዝዋርድ ከተባለው ዕንቍ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 የዐባይን ምንጭ በግሽ ያየው ፔድሮ ፓኤዝ እስፓንያዊ ነበር፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው። የቀለም ስም በየቋንቋው ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ ደግሞ፥ እንግሊዝ «ሰማያዊ» የሚለውን የብልግና ቀልድ እስፓንያዊው «ቬርዴ»፥ ማለት «አረንጓዴ» እንደሚለው ማስታወስ ይበቃል።

ለዐባይ ከሁሉ የሚበልጥ ውሃ የሚያዋጣው የወለጋው ዴዴሳ ነው። በክረምት ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወርድ መንገደኛ ከድልድዩ ላይ ቆሞ ቢመለከት፥ ወንዙ የአገሩን አፈር ተሸክሞ ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ይህን ውሃ «ዲማ» ይለዋል፤ እዚያ ድልድይ ላይ ጥቁርም ሰማያዊም የሚል የለም።