ብድርና እርቅ በ«ጦቢያ»፦ ሁለት ማኅበረሰቦች እንዴት ተገናኙ?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «ግጭት» የሙያ ቃል ከሆነ ቆይቷል። ተማሪው አንድ ልብ ወለድ ሲሰጠው ሰው ከሰው፣ ሰው ከራሱ፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያደርገውን ትግል እየለየ ያወጣል። በዚህ አከፋፈል ግን አንድ ማኅበረሰብ ከሌላ ማኅበረሰብ ጋር የሚያደርገው ግጭት ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩ መነሻ ወይም የመቼቱ አካል ተደርጎ ይታለፋል። በዚህ ልማድ ከተጎዱት ድርሰቶች አንዱ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይመስለኛል። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1908) ሮም ላይ የታተመውና ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በመሆኑ ይጠቀሳል፤ ቋንቋውም ይደነቃል። ስለ ሁለት ማኅበረሰቦች ጠብና ስምምነት የሚለው ነገር ግን «በመጨረሻ በፍቅር አንድ ሆኑ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመመርመር እሞክራለሁ። ክርክሬ የሚከተለው ነው፦ በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚያቀራርባቸው መመሳሰል አይደለም፤ መተባበሩ የመጣው ከመመሳሰል በፊት ነው። መደምደሚያው ግን ይህን የራሱን ማስረጃ ይሸፍነዋል።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ክርስቲያኖችና «አረመኔ» የተባሉ ወገኖች ይዋጋሉ። የክርስቲያኖቹ የጦር አለቃ ይሸነፍና ይማረካል፤ ሚስቱና መንታ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ በችግር ይወድቃሉ። አባትየው ነፃ የሚወጣበትን ገንዘብ አንድ ለጋስ ነጋዴ ይሰጣል። ዋሕድም ውለታውን የዋለለትን ሰው ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትየውና የወንድ ልብስ የለበሰችው ጦቢያ እሱን ፍለጋ ሲሄዱ ከአረመኔው ንጉሥ ዘንድ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ልዕልቲቱ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ዋሕድ ይገኛል፤ ጦቢያ ሴት መሆኗ ይገለጣል፤ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል፤ ዋሕድም ልዕልቲቱን ያገባል።

ትልሙን ልብ ብለን ብንከተል ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ጦርነቱ አለመሆኑን እናያለን። ጦርነቱ ቤተሰቡን ይበትናል፤ የሥራው መጠንም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹን ከአገር ወደ አገር የሚያንቀሳቅሳቸው ያልተመለሰ ብድር ነው። ዋሕድ አባቱን አግኝቷል፤ ቤቱ ሊቀመጥ ይችል ነበር። የሚያስወጣው የነጋዴው ውለታ ነው። ያ መውጣት ባይኖር መማረክ፣ መማረክ ባይኖር የእህትና የአባት ፍለጋ፣ ፍለጋው ባይኖርም ከንጉሡ ጋር መገናኘት አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። በአማርኛ «ብድሩን መለሰ» ስንል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ልንል እንችላለን፦ ውለታ ከፈለ፣ ወይም ቂሙን ተወጣ። «ብድር በምድር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ለቸርነትም ለክፋትም ይነገራል። ማኅበረሰቡ በጎውንና ክፉውን በአንድ ቃል የጠራው መለየት አቅቶት አይደለም፤ ሁለቱም ሰውን ከሰው የሚያስተሳስሩ፣ ሳይመለሱ ቢቀሩ የማያስተኙ ግዴታዎች መሆናቸውን ስላወቀ ነው። የገበሬው ወንፈል በዚሁ ስሌት ይኖራል፤ ዛሬ በእኔ ማሳ የዋለ ነገ በእርሱ ማሳ እንድውልለት ይጠብቃል። የደም ጠብም በዚሁ ስሌት ይኖራል፤ የሽማግሌዎች ሥራ ሁለተኛውን ስሌት ወደ መጀመሪያው መለወጥ፣ ደምን በካሣ ማድረቅ ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው ስለ ስጦታ በሚያትት ጥናቱ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ሦስት የተያያዙ ግዴታዎች መሆናቸውን ከብዙ ሕዝቦች ልማድ በመነሣት አሳይቷል። አፈወርቅ ደግሞ ከዚያ 17 ዓመት አስቀድሞ በዋሕድ አካሄድ ላይ ይህንኑ በትረካ አኑሮታል።

ስለዚህ በ«ጦቢያ» ውስጥ ሁለት የሒሳብ መዝገቦች አሉ ማለት ይቻላል። አንደኛው የጦርነቱ ነው፤ በእርሱ ሁሉም ሰው ወይ ወገን ወይ ጠላት ነው። ሁለተኛው የነጋዴው ነው፤ በእርሱ አንዱ ለማያውቀው ሰው ይሰጣል፣ ሌላውም የማያውቀውን ሰው ሊያመሰግን ይወጣል። ደራሲው ይህን ሚና ለወታደር ወይም ለካህን ሳይሆን ለነጋዴ መስጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነጋዴ ኑሮው የሚጸናው በሁለት ወገን ድንበር መካከል በማለፍ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ንግድን አላሞኳሸም፤ ዋሕድን የሚሸጡትም ነጋዴዎች ናቸው። አባትን ነፃ የሚያወጣውም ልጅን ባሪያ የሚያደርገውም ያው መንገድ ነው። መገበያየት ብቻውን ሰላም አይደለም፤ ሰላም የሚሆነው ገንዘብ ያለው ሰው በገንዘቡ የሚያደርገውን ሲመርጥ ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ እንምጣ። ንጉሡ ደግነትን የሚያሳየው መቼ ነው? ከተጠመቀ በኋላ አይደለም። እጁ የገቡትን እንግዶች በርኅራኄ የሚቀበላቸው ገና «አረመኔ» በሚባልበት ጊዜ ነው። ትረካው በአንድ በኩል ይህን ስም እየደጋገመ፣ በሌላ በኩል ስሙን የሚያስተባብል ሥራ ያሠራዋል። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ሥነ ጽሑፋዊ ውጥረት ይህ ነው። የጦቢያ የወንድ ልብስ የውጭ መልክ ማንነትን እንደማይገልጥ ያስተምረናል፤ «አረመኔ» የሚለው ስምም እንዲሁ በንጉሡ ላይ የተደረበ ልብስ ይመስላል። ልዩነቱ፣ ጦቢያ ልብሷን ስታወልቅ ራሷን ሆና መገኘቷ፣ ንጉሡ ግን ስሙን ሲያወልቅ ሌላ ሰው እንዲሆን መጠየቁ ነው።

መደምደሚያው የሚያስቸግረኝ ስለዚህ ነው። ሁለት ጋብቻዎች ሁለቱን ቤቶች ያስተሳስራሉ፤ ሃይማኖቱን የሚለውጠው ግን አንዱ ወገን ብቻ ነው። ብድሩ በሁለቱም በኩል ተከፍሎ ሳለ የመጨረሻው ክፍያ ከአንዱ ብቻ ተጠየቀ። ጦቢያ የሚለው ስም በሕዝብ አነጋገር ኢትዮጵያ ማለት መሆኑን ስናስብ ነገሩ የሁለት ሰዎች ሠርግ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን የምኒልክ መንግሥት ወደ ደቡብ የተስፋፋባቸው ዘመቻዎች ትዝታ ገና ትኩስ ነበር፤ ብዙ ሰው ያለቀበትና ብዙ ሰው የተማረከበት የወላይታ ጦርነት የተካሄደው በ1887 ዓ.ም. ነው። በልብ ወለዱ ግን ተማራኪውና ተሻጩ ክርስቲያኑ ነው። ደራሲው ዘመኑንና ቦታውን ለይቶ ባለመናገሩ ይህ ግልብጦሽ በቀላሉ አይታይም። አፈወርቅ ያን ጊዜ ኔፕልስ ላይ አማርኛ የሚያስተምር፣ የቤተ መንግሥቱንም ወሬ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እነዚህን ዘመቻዎች አልሰማም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የሚቃወመኝ ሰው «ይህ ተረት ቀመስ የፍቅር ታሪክ ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ሠርግና ጥምቀት የተለመደ መዝጊያ ነው፤ ፖለቲካ አትጫንበት» ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን የተለመደ መዝጊያ ማለት ትርጉም የሌለው መዝጊያ ማለት አይደለም። አንባቢ ሳይጠይቅ የሚቀበለው እርሱን ስለሆነ እንዲያውም ይበልጥ መመርመር አለበት።

መመሳሰል ሰላምን ያመጣል የሚለውን ግምት የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ከ58 ዓመት በኋላ ፈትኖታል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገበሬዎቹና ፊታውራሪ መሸሻ ሃይማኖታቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ፣ አገራቸውም አንድ ጎጃም ነው። ይህ ሁሉ አንድነት ግን ፊታውራሪው ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠይቁ ጦር ከመማዘዝ አላዳናቸውም። ገበሬዎቹን በአበጀ በለው መሪነት ያስተባበራቸው ደግሞ የቆየው ልማድ መጣሱ፣ ማለት የመስጠትና የመቀበል ሚዛኑ መዛባቱ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ስናነብ አንዱ ሳይመሳሰሉ መተባበር እንደሚቻል፣ ሌላው እየተመሳሰሉም መዋጋት እንዳለ ያሳዩናል። በሁለቱም ውስጥ ወሳኙ የብድር ጥያቄ ነው፤ ማን ለማን ምን አለበት? ማንስ ሳይከፍል ቀረ?

ይህ ሁሉ «ጦቢያ»ን ለማሳነስ የተባለ አይደለም። እንዲያውም መጽሐፉ ከመደምደሚያው ይበልጣል ማለቴ ነው። በመማሪያ ክፍላችን ግን የቀረው መደምደሚያው ብቻ ነው። ተማሪው የሁለት ሕዝቦች እርቅ ማለት አንዱ ሌላውን ሆኖ መገኘት ነው ብሎ ከክፍል ከወጣ፣ ያንን እምነት ይዞ የሚገባው ልዩ ልዩ ሃይማኖትና ቋንቋ ያላቸው ሰዎች አብረው ወደሚኖሩበት አገር ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ስናስተምር ከሠርጉ ቀደም ብለን፣ ያልተጠመቀው ንጉሥ እንግዶቹን በተቀበለበት ስፍራ ብንቆም መልካም ነው እላለሁ። እዚያ ላይ ማንም ገና ማንንም አልሆነም፤ ሰላሙ ግን ተጀምሯል።